አንድ መልስ ከሁለት በር

በ1941 አንድ የሃርቫርድ መምህር ተከታታይ ሌክቸር ሊሰጥ አን አርበር ከተማ ወደሚገኘው ሚቺጋን ዩኒቨርሲቲ ተጋበዘ። ስሙ ሳውንደርስ ማክ ሌን ነው፤ ሙያው አልጀብራ። (በዚህ ምዕራፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ከአድማጮቹ አንዱ ከሁለት ዓመት በፊት ከፖላንድ ወጥቶ አሜሪካ የገባው ሳሙኤል አይለንበርግ ነበረ፤ እሱ ደግሞ ቅርጾችን የሚያጠናው የቶፖሎጂ ሰው ነው። አይለንበርግ በመጨረሻው ሌክቸር ላይ መገኘት ስላልቻለ ማክ ሌን የቀረውን ለብቻው እንዲያስረዳው ጠየቀው። አስረዳው። አይለንበርግ ሰምቶ ሲጨርስ ይህን ስሌት ሌላ ቦታ እንደሚያውቀው ተናገረ። የሚያውቀው ግን ከአልጀብራ አልነበረም፤ ኖርማን ስቲንሮድ የተባለ የቶፖሎጂ ሊቅ አንድ እጅግ የተጠማዘዘ ቅርጽ ሲመረምር የደረሰበት መልስ ነበር። ሁለቱ ሰዎች ምክንያቱን ፍለጋ ሲሟገቱ አደሩ። ሲነጋ አገኙት።

የሒሳብን ታሪክ የሚጽፉ ብዙዎች ይህችን ሌሊት ይወዷታል፤ ያደሩበትን ስሌት ግን ሳያሳዩ ያልፋሉ። ይህ ለአንባቢ የማይገባ ቁጥብነት ይመስለኛል። ማክ ሌን ከዚያ በኋላ በኖረባቸው ከስድሳ በላይ ዓመታት የሠራው አብዛኛው ሥራ ከዚያ ስሌት የተቀዳ ነው፤ ስሌቱም የሚጀምረው ማንም ከሚያውቀው ድምር ነው።

27 ላይ 15 ስንደምር፣ ሰባትና አምስት አሥራ ሁለት ብለን ሁለቱን እንጽፍና አንዱን በእጃችን እንይዛለን። ከዚያ ሁለትና አንድ ሦስት፣ በእጅ የያዝነው ሲጨመር አራት፤ መልሱ 42። እስቲ በእጅ የያዝነውን እንርሳው። መልሱ 32 ይሆናል። መምህሩ በቀይ እስክሪብቶ ይሰርዘዋል፤ ነገር ግን በእጅ መያዝ የሚባል ነገር የሌለበት ይህ አደማመር በራሱ ቢታይ አንዳች መፋለስ የለበትም። ምንጊዜም ያው መልስ ይሰጣል፤ ቅደም ተከተሉን ብንለውጥም አይዛባም፤ መቀነስም ይቻላል። ብቻ የተለየ ሥርዓት ነው። በእኛ አደማመር 1ን አሥር ጊዜ ብንደምር 10 እናገኛለን፤ በዚያኛው ግን ተመልሰን 0 ላይ እናርፋለን።

እንግዲህ የአንድ ቤት አኃዞች አሉ፤ የአሥር ቤት አኃዞች አሉ። ሁለቱ ክፍሎች ሳይለወጡ፣ በእጅ የሚያዘውን የሚወስነው ደንብ ሲለወጥ ጠቅላላው ሥርዓት ይለወጣል። መደመርና መቀነስ በደንብ የሚካሄድበትን ስብስብ የሒሳብ ሰዎች ግሩፕ ይሉታል። ሁለት ግሩፖችን በዚህ ዓይነት አጋጥሞ ሦስተኛ ትልቅ ግሩፕ መሥራት ደግሞ የግሩፕ ቅጥያ ይባላል። በእጅ የሚያዘውን የሚያሳየውን ሰንጠረዥ በ1926 በወግ የመረመረው ኦቶ ሽራየር ነው። ጥያቄውም ይህ ነው፦ ሁለቱ ክፍሎች ከተሰጡን፣ በእውነት የሚለያዩ ስንት ቅጥያዎች አሉ?

ማክ ሌን አን አርበር ላይ ያቀረበው ምሳሌ ለማንኛውም ፕራይም ቁጥር ይሠራል፤ እኛ 2ን እንውሰድ። አንዱ ክፍል አንድን እየገመሱ የሚገኙትን ክፍልፋዮች ሁሉ የያዘ ግሩፕ ነው፦ ግማሽ፣ ሩብ፣ አንድ ስምንተኛ፣ ከእነሱ ድምር የሚወጡትንም ጭምር። በእጅ የሚያዘው ክፍል ሙሉ ቁጥሮች ናቸው። አሁን ሥርዓቱን እንገንባ። ሁለት ግማሽ ሲደመር አንድ ይሆናል፤ በእጅ አንድ እንያዝ ወይስ አንያዝ? እኛ ነን የምንመርጠው። ሁለት ሩብ ሲደመር ግማሽ ነው፤ እንያዝ ወይስ አንያዝ? እንደገና ምርጫ ነው። ሁለት አንድ ስምንተኛ፤ እንደገና። መግመሱ ማለቂያ ስለሌለው ምርጫውም ማለቂያ የለውም፤ እያንዳንዱ ቅጥያ መጨረሻ በሌለው የ0 እና የ1 ሰልፍ ይጻፋል። አንዳንድ ሰልፎች መልካቸው ቢለያይም ያንኑ ቅጥያ ይሰጣሉ። እነሱን አንድ ላይ ቆጥረን እንኳ የሚቀሩት ቅጥያዎች አንደኛ፣ ሁለተኛ፣ ሦስተኛ ተብለው ሊደረደሩ ከሚችሉት በላይ ናቸው።

ወደ ሌላኛው በር እንዙር። አንድ ወፍራም ቀለበት አስቡ። በውስጡ ቀጭን ቀለበት አለ፤ ይህኛው ጫፍና ጫፉ ከመጋጠሙ በፊት ትልቁን ሁለት ጊዜ ይዞረዋል። በቀጭኑ ውስጥ ደግሞ የባሰ ቀጭን አለ፤ እሱም ያቀፈውን ሁለት ጊዜ ይዞራል፤ ስለዚህ የመጀመሪያውን አራት ጊዜ ይዞራል ማለት ነው። ቀጥሎ ስምንት፣ ቀጥሎ አሥራ ስድስት። ይህ ያለማቋረጥ ሲቀጥል በሁሉም ቀለበቶች ውስጥ የሚቀረው ነገር ሶሌኖይድ ይባላል። በላዩ የሚሄድ ጉንዳን ቢኖር ወደ ተነሣበት ነጥብ መቼም አይመለስም፤ ሆኖም ከቀለበቱ አይወጣም። አይለንበርግ ከፖላንዱ ካሮል ቦርሱክ ጋር ስለዚህ ነገር ጥያቄ አንሥቶ ነበር፦ ከሶሌኖይዱ ውጭ ያለው ሕዋ ወደ ኳስ ገጽ በስንት መሠረታዊ ልዩነት ባላቸው መንገዶች ሊላክ ይችላል? ስቲንሮድ መልሱን በ1940 አወጣው። ሰልፉ ያው፣ ግሩፑ ያው፣ ለመቁጠር የማይበገርነቱም ያው ነበር።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ግጥምጥሞሹን አድንቆ ወደ ቤቱ ይሄዳል። በአንዱ በኩል መግመስ፣ በሌላው በኩል እጥፍ መዞር አለና መመሳሰላቸውን መገመትም አያቅትም። ማክ ሌንና አይለንበርግ ግን መመሳሰሉን ብቻ ሳይሆን አስገዳጁን ፈለጉ። ያገኙት ነገር ሶሌኖይድን አልፎ ለማንኛውም ቅርጽ የሚሠራ ሆነ፦ የአንድን ቅርጽ ቀዳዳዎች በአንድ ዓይነት ቁጥር መዝግበህ ወደ ሌላ ዓይነት ቁጥር መለወጥ ብትፈልግ፣ ከሚያስፈልጉህ ሁለት ነገሮች አንዱ የግሩፕ ቅጥያዎች ቆጠራ ነው። በ1942 በአናልስ ኦቭ ማቲማቲክስ መጽሔት ያሳተሙት ይህንን ነው። ዛሬ ማንኛውም የአልጀብራዊ ቶፖሎጂ ተማሪ ቲዎረሙን በመጀመሪያው ዓመት ያገኘዋል፤ ቅጥያዎቹን የሚቆጥረው ግሩፕም ኤክስት የሚል አጭር ስም ወጥቶለታል።

ማክ ሌን ለዚህ ሌሊት እንዴት በቃ? በ1909 ኮኔቲከት ግዛት ኖርዊች ከተማ ተወለደ፤ አባቱ ፓስተር ነበር። በአሥራ አምስት ዓመቱ አባቱ ሞተበት፤ ዬል ዩኒቨርሲቲ የገባው በአጎቱ ገንዘብ ነው። ከዬል ወደ ቺካጎ፣ ከቺካጎ በ1931 ወደ ጀርመን፣ ወደ ጎቲንገን አቀና። በዚያን ጊዜ ሒሳብ ለሚማር ሰው ከጎቲንገን የሚበልጥ ቦታ አልነበረም። የሒሳብ ሊቁ ሂልበርት ጡረታ ቢወጣም ገና እዚያው ነበር፤ ሄርማን ቫይል ያስተምራል፤ ኤድሙንድ ላንዳው ያስተምራል፤ ፓውል በርናይስ ሎጂክ ያስተምራል። ከሁሉ በላይ ደግሞ ኤሚ ኔተር ነበረች።

ኔተር ላይ ቆም ማለት ያስፈልጋል። ከእሷ በፊት የቶፖሎጂ ሰዎች የአንድን ቅርጽ ቀዳዳዎች ይቆጥሩ ነበር፤ ውጤታቸውም ቁጥር ነበር፦ ይህ ቅርጽ አንድ ቀዳዳ አለው፣ ያኛው ሁለት። በ1920ዎቹ አጋማሽ ኔተር ይህ አይበቃም አለች፤ ከቁጥሩ በስተጀርባ ግሩፕ አለና ግሩፑን ያዙ አለቻቸው። ለብዙዎች ቃላት የማሳመር ያህል ነበር። ልዩነቱን ለማየት አንድ ክብ ወረቀትና የወረቀቱን ጠርዝ እንውሰድ። ጠርዙ ቀዳዳ አለው፤ ዙሪያውን አንድ ጊዜ፣ ሁለት ጊዜ፣ ወደ ኋላም መዞር ስለሚቻል ግሩፑ ሙሉ ቁጥሮች ናቸው። ወረቀቱ ቀዳዳ የለውም፤ ግሩፑ ዜሮን ብቻ የያዘ ነው። ጥያቄው፦ ወረቀቱን ሳይቀድዱ፣ የጠርዙንም ነጥቦች ካሉበት ሳያንቀሳቅሱ፣ ሁሉንም ወደ ጠርዙ መሰብሰብ ይቻላል? ይቻላል እንበል። እንግዲያው ከጠርዝ ወደ ወረቀት፣ ከወረቀት ወደ ጠርዝ የሚሄደው መንገድ በጠቅላላው ምንም አልነካም ማለት ነው። በግሩፖቹ በኩል ስናየው ሙሉ ቁጥሮች ወደ ዜሮ ገብተው እንደነበሩ መውጣት አለባቸው። 1 ገባ፣ ዜሮ ሆነ፤ ከዜሮ 1 ሆኖ የሚወጣበት መንገድ የለም። ስለዚህ አይቻልም፤ አለቀ። በዚህ ማስረጃ ውስጥ ሥራውን የሠራው የቀዳዳዎቹ ቁጥር አልነበረም፤ ከቅርጽ ወደ ቅርጽ የሚሄደው መንገድ ከግሩፕ ወደ ግሩፕ የሚሄድ መንገድ አብሮ ማስከተሉ ነው።

ጎቲንገን እንዲህ ሆኖ ብዙም አልቆየም። በጥር 1933 ሂትለር ሥልጣን ያዘ፤ በሚያዝያ የወጣው ሕግ አይሁድ መምህራንን ከመንግሥት ሥራ አስወጣ። ኔተር ተባረረች፤ የማክ ሌን አማካሪ በርናይስም ተባረረ፤ የሒሳብ ኢንስቲትዩቱ ኃላፊ ሪቻርድ ኩራንትም። ማክ ሌን የዶክትሬት ፈተናውን በሐምሌ በቫይል ፊት ተፈተነ፤ ቫይል ራሱ ባለቤቱ የአይሁድ ዘር ያለባት በመሆኗ በዚያው ዓመት አገሩን ለቆ ወጣ። ማክ ሌን ደግሞ ዶሮቲ ጆንስን እዚያው ጎቲንገን አግብቶ ወደ አሜሪካ ተመለሰ፤ የመመረቂያ ጽሑፉን በታይፕ የመታችለት እሷ ነበረች። ጽሑፉ አልጀብራም ቶፖሎጂም አልነበረም፤ የሎጂክ ማስረጃዎችን ስለማሳጠር ነበር። በአንድ ረጅም ማስረጃ ውስጥ ጥቂት እርምጃዎች ሐሳብ ይጠይቃሉ፤ የቀሩት ሐሳቡ ከተያዘ በራሳቸው የሚመጡ ናቸው። ታዲያ በራሳቸው የሚመጡትን መጻፍ ለምን አስፈለገ? በጊዜው ብዙ አንባቢ አላገኘም። ያቺ ምኞት ግን በኋላ በሌላ ልብስ ተመልሳ መጥታለች ባይ ነኝ፤ ጥቂት ቆይተን እናያታለን።

አሜሪካ የኢኮኖሚ ድቀት ላይ ነበረችና ለወጣት ሒሳብ ሊቅ ቋሚ ሥራ ብርቅ ነበር። ዬል፣ ሃርቫርድ፣ ኮርኔል፣ ቺካጎ፣ እንደገና ሃርቫርድ። ከጋሬት በርኮፍ ጋር በ1941 ያሳተመው የዘመናዊ አልጀብራ መጽሐፍ ኔተርና ባልደረቦቿ የገነቡትን አስተሳሰብ ወደ አሜሪካ የባችለር ተማሪዎች ክፍል አስገባው፤ ለአሥርት ዓመታትም መማሪያ ሆኖ ኖረ።

ወደ 1942 እንመለስ። የቅጥያው ቲዎረም ጸሐፊዎቹን አንድ ችግር ላይ ጣላቸው። ከቅርጽ ወደ ቅርጽ ስንሸጋገር ስሌቱ አብሮን መሸጋገሩን ማሳየት ነበረባቸው። ሶሌኖይዱ የብዙ ቀለበቶች ወሰን ነው፤ በእያንዳንዱ ቀለበት ላይ ያለው መልስ ከሚቀጥለው ጋር ካልተጣጣመ ወሰኑ ላይ የሚደርስ መልስ አይኖርም። የሒሳብ ሰዎች እንዲህ ያለውን መጣጣም «ተፈጥሯዊ» እያሉ በአፍ ያወሩት ነበር እንጂ ምን ማለት እንደሆነ ወስኖ የጻፈው አልነበረም።

ተፈጥሯዊ ያልሆነው ምን እንደሚመስል ገበያ ወርደን እንይ። ስኳርና ዘይት የያዘ ዘንቢል አለ፤ የዋጋ ዝርዝርም አለ። ዘንቢልና ዝርዝር ሲገናኙ ስንት ብር እንደሚከፈል ይታወቃል። ለእያንዳንዱ ዘንቢል አንድ የዋጋ ዝርዝር አጣምሩ ብንባል ቀላል ይመስላል፦ አንድ ኪሎ ስኳር ለያዘ ዘንቢል፣ ስኳር በኪሎ አንድ ብር፣ ዘይት በነጻ የሚል ዝርዝር እንስጠው። ጎረቤታችን ያሉት ነጋዴ ግን በግራም የሚያስቡ ከሆኑ በእሳቸው ደንብ አንድ ግራም ከአንድ ብር በግራም ጋር ይጣመራል፤ ያው የአንድ ኪሎ ዘንቢል ሺህ ግራም ነውና ሺህ ብር በግራም ከሚል ዝርዝር ጋር ይጣመራል። ያ ማለት በኪሎ አንድ ሚሊዮን ብር ነው። ዘንቢሉ አልተለወጠም፤ ጥምረቱ ግን በሚዛኑ ተለወጠ። አሁን ሌላ ጥምረት እንሞክር። ዘንቢሉን ራሱን፣ የትኛውም የዋጋ ዝርዝር ሲቀርብለት የሚከፈለውን ብር የሚናገር አድርገን እንየው። ለዚህ ኪሎም ግራምም መምረጥ አያስፈልግም፤ ማንም ነጋዴ ያንኑ ያገኛል። ዘንቢሉን ቬክተር፣ ዝርዝሩን የቬክተሩ ዱዋል ብለን ብንጠራ፣ ማክ ሌንና አይለንበርግ በመጀመሪያዎቹ ገጾቻቸው ያቀረቡት ምሳሌ በእጃችን ገባ፦ ቬክተሮችን ከዱዋላቸው ጋር ማጣመር ምርጫ ይጠይቃል፤ ከዱዋላቸው ዱዋል ጋር ማጣመር ግን ምንም አይጠይቅም።

በ1945 በአሜሪካ የሒሳብ ማኅበር መጽሔት ያወጡት ረጅም ጽሑፍ ይህንን በወግ ወሰነው። ነገሮችና በመካከላቸው የሚሄዱ ቀስቶች አሉ፤ ቀስት በቀስት ላይ ይቀጠላል፤ ካለበት የማይነቃነቅ ቀስትም ለእያንዳንዱ ነገር አለው። ይህ ካቴጎሪ ነው። ከአንዱ ካቴጎሪ ወደ ሌላው ነገሮችን ወደ ነገሮች፣ ቀስቶችንም ወደ ቀስቶች፣ አቀጣጠላቸውን ሳያፈርስ የሚወስድ ፈንክተር ይባላል፤ የክቡ ወረቀት ማስረጃችን ቅርጾችን ወደ ግሩፖች የወሰደው በፈንክተር ነው። ሁለት ፈንክተሮችን በየነገሩ ላይ ያለ ምርጫ የሚያገናኛቸው ደግሞ ተፈጥሯዊ ሽግግር ነው። ይፈልጉት የነበረው የመጨረሻውን ነው፤ ፈንክተርን የፈጠሩት እሱን ለመግለጽ፣ ካቴጎሪን የፈጠሩት ፈንክተርን ለመግለጽ ነው። ይህን ንድፈ ሐሳብ ሁሉን በአንድ ለመጠቅለል ከተነሣ ፍልስፍና የመጣ አድርገው የሚያወሩ ሰዎች አሉ፤ እኔ በዚህ አልስማማም። የመጣው አንድ ስሌት በሁለት ቦታ ሲገኝ ዝም ብለው ማለፍ ካልቻሉ ሁለት ሠራተኞች ነው።

አቀባበሉ ቀዝቃዛ ነበር። አይለንበርግ ራሱ በጉዳዩ ላይ ሌላ ጽሑፍ የሚያስፈልግ አልመሰለውም፤ አንድ ጊዜ ቋንቋው ከተገለጸ በቃ። «ረቂቅ እርባና ቢስ ነገር» የሚለው ቅጽል የሚነገረው ከስቲንሮድ አፍ እንደወጣ ነው፤ ለስድብ ግን አልነበረም። ስቲንሮድ ራሱ በ1952 ከአይለንበርግ ጋር በጻፈው የአልጀብራዊ ቶፖሎጂ መሠረቶች መጽሐፍ ቋንቋውን ከዳር እስከ ዳር ተጠቅሞበታል።

ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሁለቱን ሰዎች ኒውዮርክ ላይ አገናኛቸው። ማክ ሌን በኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ለጦሩ የሚሠራ የተግባራዊ ሒሳብ ቡድን ይመራ ነበር፤ ቀን ቀን ከአውሮፕላን ላይ ስለሚተኮስ መሣሪያ አነጣጠር ያሰላሉ፤ ማታ ማታ ወደ ቶፖሎጂያቸው ይመለሳሉ። ከዚያ ትብብር ዛሬ በስማቸው የሚጠሩት የአይለንበርግና ማክ ሌን ሕዋዎች ወጡ፦ የቀዳዳ መረጃቸው በአንድ ደረጃ ብቻ የተወሰነ፣ ሌሎች ቅርጾች ሁሉ ደረጃ በደረጃ የሚገነቡባቸው ሕዋዎች። በጠቅላላው ሁለቱ አብረው አሥራ አምስት ጽሑፎች አሳትመዋል።

በ1947 ማክ ሌን ቺካጎ ገባ፤ እስከ መጨረሻው እዚያው ቆየ። በ1950 ስለ ግሩፖች ዱዋልነት ያሳተመው ጽሑፍ ለእኔ ከሥራዎቹ ሁሉ የበለጠ ያስተምራል፤ ምክንያቱም ግማሹ የተሳካ፣ ግማሹ ያልተሳካ ነው። የተሳካው ይህ ነው፦ የሁለት ነገሮች ብዜት ምን እንደሆነ ውስጣቸውን ሳይከፍት፣ ወደ እነሱ በሚገቡ ቀስቶች ብቻ ወሰነው፤ ቀስቶቹን ሁሉ ወደ ኋላ ሲያዞራቸው ደግሞ የድምር ፍቺ በነጻ ወጣለት። ያልተሳካው፦ የመደመር ግሩፖች ዓይነት ጠባይ ያላቸውን ካቴጎሪዎች ለይቶ ሊያወጣ የሞከረበት የአክሲዮም ዝርዝር ሸክም የበዛበት ነበር፤ ውሎ አድሮ ሌሎች ቀደሙት። በ1955 ዴቪድ ቡክስባውም፣ በ1957 አሌክሳንደር ግሮተንዲክ ዝርዝሩን አጣርተው አወጡት፤ ግሮተንዲክም በዚያ ላይ ተነሥቶ የአልጀብራዊ ጂኦሜትሪን መሠረት እንደ አዲስ ጣለ። በ1958 ዳንኤል ካን የፈንክተሮችን ጥንድነት አገኘ፤ ይህ ከማክ ሌን ደጃፍ ላይ ወድቆ ሳያነሣው የቀረ ሐሳብ ነው ብል ማጋነን አይመስለኝም፤ የዘንቢሉና የዋጋ ዝርዝሩ ምሳሌ ራሱ ጥንድነትን ያዘለ ነውና። አይለንበርግ አንድ ጽሑፍ ይበቃዋል ያለው ነገር በ1960ዎቹ ራሱን የቻለ ዘርፍ ሆነ።

የተቀሩትን በአንድ ትንፋሽ እንለፋቸው። የአሜሪካ የሒሳብ ማኅበር ፕሬዚዳንት፣ የብሔራዊው የሳይንስ አካዳሚ ምክትል ፕሬዚዳንት፣ በ1989 የብሔራዊ ሳይንስ ሜዳሊያ ተሸላሚ። ከተማሪዎቹ ኧርቪንግ ካፕላንስኪ፣ በኋላ ፊልድስ ሜዳልን የወሰደው ጆን ቶምፕሰን፣ ሮበርት ሶሎቬይ፤ አንዳቸውም የካቴጎሪ ሰው አለመሆናቸው ስለ አስተማሪነቱ ብዙ ይናገራል። በ1971 የወጣው የካቴጎሪ መማሪያው እስከ ዛሬ ይታተማል። ሰማንያ ካለፈው በኋላ ከሆላንዳዊው ኢክ ሙርዳይክ ጋር ስለ ጂኦሜትሪና ሎጂክ ግንኙነት ወፍራም መጽሐፍ ጻፈ። በ2005 በዘጠና አምስት ዓመቱ ሳን ፍራንሲስኮ ላይ አረፈ።

ሳልነካው ማለፍ የማልፈልገው በ1963 ያሳተመው አጭር ጽሑፍ ነው፤ የጎቲንገኗ ምኞት የተመለሰችው እዚህ ነው። ሦስት ቁጥሮች ስናባዛ ቅንፉን የትም ብናደርግ ለውጥ የለውም። ቅርጾችን ወይም ግሩፖችን ስናባዛ ግን ሁለቱ አቀናነፎች የሚሰጡን በትክክል አንድ የሆነ ነገር አይደለም፤ ከአንዱ ወደ ሌላው የሚወስድ ተፈጥሯዊ ቀስት ያላቸው ሁለት ነገሮች ናቸው። ነገሮቹ አራት ሲሆኑ አቀናነፎቹ አምስት ናቸው፤ አምስት ሲሆኑ አሥራ አራት፤ ስድስት ሲሆኑ አርባ ሁለት። ከአንዱ አቀናነፍ ወደ ሌላው በብዙ መንገድ መድረስ ይቻላል። መንገዶቹ ሁሉ አንድ ቦታ በአንድ ሁኔታ ካላደረሱን፣ ቅንፍ ባንቀሳቀስን ቁጥር የትኛውን መንገድ እንደሄድን እየመዘገብን መኖር ሊኖርብን ነው። ማለቂያ የሌለው የቁጥጥር ሥራ።

ማክ ሌን ያረጋገጠው ይህ ሁሉ ቁጥጥር እንደማያስፈልግ ነው። የአራቱን ነገሮች አምስት አቀናነፎች በክብ ብንደረድራቸውና በመካከላቸው ቀስቶቹን ብንስል ባለ አምስት ጎን ቅርጽ ይወጣል፤ ስሙም ፔንታጎን ነው (ከአሜሪካ ጦር መሥሪያ ቤት ጋር አይገናኝም)። በዚህ ቅርጽ ላይ ከአንዱ ማዕዘን ተነሥተን በግራ የምንሄደውና በቀኝ የምንሄደው መንገድ አንድ ከሆነ፣ በአምስት፣ በስድስት፣ በመቶ ነገሮችም መንገዶቹ ሁሉ አንድ ይሆናሉ። በብዜት ውስጥ የ1ን ሚና ስለሚጫወተው ነገርም ጥቂት ተመሳሳይ ቅድመ ሁኔታዎች ጨመረ። በሚቀጥለው ዓመት አውስትራሊያዊው ማክስ ኬሊ ዝርዝሩን መርምሮ ከቅድመ ሁኔታዎቹ አብዛኞቹ ከሌሎቹ የሚከተሉ መሆናቸውን አሳየ፤ ከፔንታጎኑና ከአንድ ባለ ሦስት ጎን ቅርጽ በቀር ሌላው ተሰረዘ።

ፔንታጎኑ ከዚያ በኋላ ማክ ሌን ያላሰበው ቦታ ገባ። በ1980ዎቹ መጨረሻ ቭላዲሚር ድሪንፌልድ በኳንተም ግሩፖች ጥናቱ፣ ግሪጎሪ ሙርና ናታን ሳይበርግ ደግሞ በፊዚክስ በኩል ያንኑ እኩልታ አገኙት። ዛሬ በሁለት አቅጣጫ ብቻ ባለ ገጽ ላይ የሚዋሐዱ ልዩ ቅንጣቶችን የሚያጠኑ ሰዎች ሥራቸውን የሚጀምሩት እዚህ ነው፦ የትኛው ቅንጣት ከየትኛው ጋር ተዋሕዶ ምን እንደሚሰጥ የሚያሳይ ሰንጠረዥ ይጽፉና የፔንታጎኑን እኩልታ ለመፍታት ይሞክራሉ። መፍትሔ ካልተገኘለት ሰንጠረዡ ይጣላል።